ሦስት ልጆች እያሏቸው ለምን ብቻቸውን ያድራሉ?

ባለፈው ሳምንት ማታ ከሥራ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ በውጭ አገር የምንኖር ሐበሾች በምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። በአራት ቀን ውስጥ 27 ምላሽ መጣ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ክሩ (የምላሾቹ ሰንሰለት) ረዝሞባቸው መከተል እንዳቃታቸው ነገሩኝ። የእኔም ሐሳብ መንገድ ላይ ተለውጧል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ ቃል ልተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ይህ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ሆም ኬር፣ ማለትም አዛውንትን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። አሁን የምንከባከባቸው እናት 92 ዓመታቸው ነው። ከነግቢው የራሳቸው ቤት አላቸው። ሦስት ልጆች ወልደዋል፤ አንዱ ሲያትል፣ አንዱ ዴንቨር ነው፣ ሴቷ ደግሞ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በ40 ደቂቃ የምትደርስ። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራታቸውን አቅርቤ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ቢወድቁ የሚጫኗትን መጥሪያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥዬላቸው እወጣለሁ። መኪናዬን ሳስነሳ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙልኛል። ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት በዚያ ሁሉ ክፍል ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ያን ማታ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ሦስት ልጅ ወልዶ ብቻውን የሚያድር ሰው የሞላበት አገር ልቡ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የደነደነው ብዬ ጠየቅሁ። ይህ ሕዝብ የወላጅ ፍቅር አልተፈጠረበትም የሚል ዐረፍተ ነገርም ጨመርኩበት። ያቺን የመጨረሻዋን ዛሬ ብመልሳት ደስ ይለኛል፤ ግን ብዙዎቹ ምላሾች የመጡት በእሷ ምክንያት ነው።

ምላሽ ቁጥር 1 ከዳላስ ነበር። ወንድማችን በትሕትና ሰላም ብሎኝ፣ ጧሪ ቀባሪ እንዳላጣ መርቆኝ፣ ያልኩት ሁሉ ልክ እንደሆነ መሰከረ። ቁጥር 2ም ተስማማች፤ የራሷንም ጨመረች። እሷ በምትኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞተው ሳይታወቅ ቀናት እንዳለፉ፣ ያወቀውም ደብዳቤው በሳጥናቸው ውስጥ ሞልቶ ማስገቢያ ያጣው ፖስተኛ እንደነበረ ጻፈች። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የጎረቤት በር ስታልፍ ጆሮዋን እንደምታቆም ነገረችን። እኔም ሳነበው ሐሳቤ የጸደቀልኝ መሰለኝ።

ቁጥር 3 ግን ዝም ብሎ አላለፈኝም። ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ እንደሚያስተምር ገልጾ፣ በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር፣ ጥያቄዬ ከመነሻው እንደተሳሳተ አስረዳኝ። አሜሪካኖች ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። በ1850 አካባቢ ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች 70 በመቶ ያህሉ ካደጉ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን 15 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ሌላም ቁጥር አመጣ፦ በ1940 በተደረገው ቆጠራ አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት ከጠቅላላው 7.7 በመቶ ነበር፤ በ2020 ወደ 27.6 በመቶ ደርሷል። አንድ ሕዝብ በ80 ዓመት ውስጥ ልቡ ሊለወጥ እንደማይችል፣ የተለወጠው ኑሮው እንደሆነ፣ ልብ የሚከተለው ከኑሮ በኋላ እንደሆነ ጻፈ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቁጥር 4ን ራሴ ጻፍኩት። የምንከባከባቸው እናት የተወለዱት በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ኦሃዮ ውስጥ በእርሻ ቤት ነው። ሴት አያታቸው ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖሩ እንደነበረ፣ እዚያው እንደሞቱ፣ ገላቸውንም ያጠበች የገዛ እናታቸው እንደሆነች ፀጉራቸውን ሳበጥር ነግረውኛል። ታዲያ ይህን እያወቅሁ ነበር ፍቅር አልተፈጠረባቸውም ያልኩት። ያጫወቱኝን እንደ ተረት ሰምቼ አልፌው ኖሯል።

ቁጥር 5 ከቺካጎ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው በመድረካችን ብዙ ስለሌለ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ድሮ ልጅ ከአባቱ ጋር የሚቀመጠው ፍቅር ብቻ ይዞት እንዳልሆነ አስታወሰን። መሬቱ የአባት ነበር። ከልጆቹ አንዱ እዚያው ቀርቶ ያርሳል፣ ሽማግሌዎቹን ይጦራል፣ በመጨረሻም እርሻውን ይወርሳል። የርስት አገር ልጆች ነንና ይህ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ጠቀሰ። ፋብሪካውና ቢሮው ሲመጣ ልጅ ደመወዙን ከአባቱ እጅ ሳይሆን ከከተማ ማግኘት ጀመረ፤ የሚጠብቀው ርስት ስለሌለ የሚያስቀምጠውም ነገር ጠፋ። ያን ጊዜ አዛውንቱ ልጅ ከሌላቸው ወይም ልጃቸው ካልቻለ የሚቀራቸው የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) የድሆች መጠለያ ነበር፤ ለብዙ ሽማግሌ እዚያ ገብቶ መሞት ትልቅ ውርደት ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የመንግሥት ጡረታ ሕግ የፈረሙት ነሐሴ 1935 ነው፤ ወርኃዊው ጡረታ መከፈል የጀመረው በ1940። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ደግሞ በ1965 ሜዲኬር የሚባለውን የአዛውንቶች የጤና መድን ጨመሩ። ወንድማችን እንደሚለው ገንዘቡ እጃቸው ሲገባ ልጆቹ ሽማግሌዎቹን አላባረሯቸውም፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የራሳቸውን ቤት መረጡ። የልጅን ፊት እያዩ ከማደር የመንግሥትን ቼክ እያዩ ማደር ቀለላቸው።

ቁጥር 6 ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ቼክ የእናትን እጅ እንደማይዝ፣ በቁጥር ጀርባ የሚደበቅ ሰው ሁሉ ነገ የራሱን እናት የአዛውንት መጦሪያ ቤት (ነርሲንግ ሆም) ለማስገባት የሚዘጋጅ እንደሆነ ጻፈ። ለቁጥር 3ም ለቁጥር 5ም አላዘነም። ቁጣው ግን ከንቀት የመጣ አልመሰለኝም። እናቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው በአውሮፕላን ማረፊያ እንደሆነ፣ ስትሞት ሥራ አስፈቅዶ መሄድ እንዳልቻለ ከታች በአንድ መስመር ጽፏል።

ቁጥር 7 ከፊኒክስ ነው፣ ሰው በማመላለስ ይተዳደራል። ቁጥር 5ን ደግፎ ስለ ሰን ሲቲ ነገረን። በ1960 በአሪዞና በረሃ ላይ ለጡረተኞች ብቻ ተብሎ የተከፈተ ከተማ ነው፤ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው 55 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ልጅ ማሳደግ የሚፈልግ ሌላ ሰፈር ይፈልጋል። እሱ የሚያመላልሳቸው አዛውንቶች በጎልፍ መኪና ወደ ዋና፣ ወደ ጭፈራ፣ ወደ ካርታ ጨዋታ ይሮጣሉ፤ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ፕሮግራማቸውን የሚያዩት እነሱ ናቸው። ጥሎ የሄደው ማን እንደሆነ አንዳንዴ ግራ እንደሚገባው ጻፈ። እኔም ግራ ገባኝ። አያት ከልጅ ልጅ ሽሽት በረሃ ይወርዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቁጥር 8 ጸሐፊ በትልቅ መኪና ጭነት የሚያመላልስ ወንድም ነው፤ በክሩ ውስጥ እጅግ የወደድኩት የእሱን ነው። በፔንሲልቬኒያ፣ ላንካስተር በኩል ሲያልፍ የሚያያቸውን፣ በእርሻ የሚኖሩትንና የጥንት ልማዳቸውን የሚጠብቁትን ክርስቲያኖች፣ አሚሾችን አነሣ። በትልቁ የቤተሰብ ቤት ጎን አንዲት ትንሽ ቤት ትለጠፋለች። ልጅ አግብቶ እርሻውን ሲረከብ አባትና እናት ወደ ትንሿ ቤት ይዛወራሉ፤ ማዕዱ ቅርብ ነው፣ በሩ ግን የየራስ ነው። አሚሾች ወገን ወገኑን ይርዳ እንጂ መንግሥት አይጡረን ብለው ተከራክረው፣ በ1965 ከሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ነፃ ተደርገዋል። እንግዲህ በዚያው አገር፣ በዚያው ሕግ ሥር፣ ጡረታውን ያልተቀበለው ወገን ሽማግሌውን ከጎኑ አላራቀም። ጸሐፊው ይህን የነገረን ቁጥር 5ን ለማጽናት ነው፤ እኔ ግን ያቺን ትንሽ ቤት ነው ያሰብኳት። አብሮ መኖርና ተፋፍጎ መኖር አንድ እንዳልሆኑ የገባቸው ሰዎች የሠሯት ቤት ናት።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወጣ አለ። ቁጥር 9 የአሚሾችን ቅቤ ከየት መግዛት እንደሚቻል ጠየቀች። ቁጥር 10 የሚሸጥበትን ገበያ ነገራት፤ ለማንጠር ግን ጨው ያልገባበትን እንድትመርጥ መከራት። ቁጥር 11 ኮሰረት ከሌለ የትኛውም ቅቤ ዋጋ እንደሌለው ተከራከረ። የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ርዕሱ እንድንመለስ ማሳሰብ ነበረበት።

የመለሰችን ቁጥር 12 ናት። እዚሁ አሜሪካ የተወለደች ወጣት ናት። አማርኛውን ከቤት፣ ፊደሉን ደግሞ ካደገች በኋላ በራሷ ጥረት እንደተማረች፣ ስሕተት ቢገኝባት እንድንታገሣት አስቀድማ ለመነች። ከዚያ ያነሣችው ነገር ሁላችንንም አስደነገጠን። ለፈረንጅ አሮጊት የምናለቅሰው ቤታችን ያለችውን ሳናይ ነው አለችን።

አያቷ ከጎንደር ገጠር ከመጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤቱ ከአትላንታ ወጣ ባለ፣ የእግረኛ መሄጃ በሌለው ሰፈር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሁሉ ይወጣል፤ ሰው የሚመለሰው ማታ 12 ሰዓት ነው። አያትየው መኪና አይነዱም፣ ቋንቋውን አያውቁም፣ በር ሲንኳኳ እንዳይከፍቱ ተነግሯቸዋል፣ የእሳት ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ዕጣን እንዲያጨሱ አይፈቀድላቸውም። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ በማያውቁት ቋንቋ ያወራል። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ቡና ያፈላሉ፤ አራት ሲኒ ይደረድራሉ፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ብቻቸውን ጠጥተው ሲያበቁ አራቱንም ሲኒ ያጥባሉ። ልጅቷ ይህን ያወቀችው አንድ ቀን አሟት ከሥራ በቀረች ጊዜ ነው። ማን ይመጣል ብለው እንደሆነ ስትጠይቃቸው መልስ አልሰጧትም። ከስድስት ሰው ጋር የሚኖሩት አያቷ ከእኔ ባለ 92 ዓመት እናት በላይ ብቸኛ እንደሆኑ፣ ቢያንስ የእኔዎቹ እናት ስልክ አንሥተው ለፈለጉት ሰው መደወል እንደሚችሉ ጻፈች።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። በእኛው ከተማ ስንት አራት ሲኒ እንደሚታጠብ አሰብኩ።

ቁጥር 13 ግን ወረደባት። የቤተሰብን ገመና አደባባይ ማውጣት የፈረንጅ ትምህርት እንደሆነ፣ ወላጆቿ አያቷን ለማምጣት ስንት ዓመት ወረቀት እንደጠበቁ፣ ስንት ብር እንደከፈሉ እንደማታውቅ፣ አማርኛዋን ብቻ ሳይሆን ይሉኝታንም መማር እንደነበረባት ጻፈ። ንግግሩ ስለታም ነበር። የወላጆቿን ልፋት ማስታወሱ እውነት ነው፤ በልጅቷ ላይ ያነሣው ጣት ግን ልክ አልነበረም።

የተከላከለላት እኔ የማልጠብቀው ሰው ነው። የቁጥር 14 ጸሐፊ ሚኒሶታ የሚኖሩ የ71 ዓመት እናት ናቸው፤ እሳቸው እየተናገሩ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። የመጡት ሕፃናት ለማሳደግ ነበር። ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ የሚባለውን አምነው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ማኅበራቸውን ትተው መጡ። ልጆቹ አደጉ፤ አሁን ከትምህርት ቤት ሲገቡ ሰላም ብለው ወደየክፍላቸው ይገባሉ። እናታችን ማንንም አልወቀሱም፤ ልጃቸው ደግ እንደሆነ ደጋግመው ጻፉ። ግን በመንገዱ ማዶ በሳቸው ዕድሜ ያለች ፈረንጅ አለች። የራሷ ቁልፍ አላት፣ መኪናዋን ትነዳለች፣ ረቡዕ ረቡዕ የአዛውንቶች መዋያ (ሲኒየር ሴንተር) ሄዳ ካርታ ትጫወታለች፣ ስትፈልግ ትተኛለች፣ ስትፈልግ ትበላለች። ሴትዮዋን እንደሚያዝኑላት ለዓመታት ሲናገሩ ኖረው፣ አንድ ቀን በመስኮት ሲያይዋት የሚሰማቸው ኀዘን ሳይሆን ምቀኝነት እንደሆነ ገባቸው። ያን ዕለት ለንስሐ አባታቸው በስልክ እንደተናዘዙት ጭምር ጻፉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሰው መድረካችን ላይ አላየሁም።

ቁጥር 15 ለእኚህ እናት የማይገባ መልስ ሰጠ፤ ልድገመው አልፈልግም። ቁጥር 16 ለሱ የተሰጠ ስድብ ስለነበረ አስተባባሪው ሰረዘው። ቁጥር 17 የእኔ ነው፤ በእናት ዕድሜ ካሉ ሰው ጋር እንደዚያ እንደማይነጋገሩ ጻፍኩ፣ ጠንከር አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አልጸጸትም።

ቁጥር 18 ነርስ ናት፤ ቁጥር 6ን ለማረም ነው የመጣችው። አሜሪካኖች ሁሉ ወላጆቻቸውን ነርሲንግ ሆም ይጥላሉ የምንለው ወሬ እንደሆነ፣ ዕድሜያቸው 65 ከሞላው ውስጥ በማንኛውም ቀን ነርሲንግ ሆም የሚገኙት ከ100 ሰው 5 እንደማይሞሉ ነገረችን። ሜዲኬር ከሆስፒታል በኋላ እስከ 100 ቀን ድረስ ያግዛል እንጂ የዘለቄታውን አይከፍልም። ሜዲኬይድ የሚባለው የድሆች የጤና መድን የሚከፍለው ደግሞ ሰውዬው ያለውን ጨርሶ ሲደኸይ ነው። በ1993 የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ለታመመ ወላጅ 12 ሳምንት ያስፈቅዳል፣ ያለ ደመወዝ፤ የሚመለከተውም ሁሉንም ሠራተኛ አይደለም። አብዛኛውን የማስታመም ሥራ ያለ ክፍያ የሚሸከሙት ቤተሰቦች ናቸው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ያቺ ቨርጂኒያ ያለችው ልጅ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝ።

አልጻፍኩትም ነበር። የመድኃኒቱን ሳጥን በየሳምንቱ የምትሞላው እሷ ናት። ከሐኪሙ ጋር የምትነጋገር፣ ከኢንሹራንስ ጋር የምትሟገት፣ የእኔን ሰዓት የምታስፈርም፣ የበረዶ ጠራጊ የምትጠራ እሷ ናት። ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት፣ ባሏ ታሟል። እሁድ እሁድ ስትመጣ መኪናው ውስጥ ለደቂቃ ዓይኗን ጨፍና ቆይታ ነው የምትወርደው። ይህን ሁሉ እያየሁ በጥያቄዬ ውስጥ የተቀመጠችው በ40 ደቂቃ ርቀቷ ብቻ ነው። ለነርሷ ይህን መለስኩላት፤ ቁጥር አልያዝኩበትም፣ ከእሷው ሥር ነው የጻፍኩት።

ቁጥር 19 ነገሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ሁላችንም አሜሪካ እየተበታተነች ነው ስንል፣ አገሩ ወደ ኋላ መመለስ እንደጀመረ አላየንም አለን። ሁለትና ከዚያ በላይ ትውልድ ያደገ ሰው በአንድ ቤት የሚኖርበት ኑሮ በ1971 ከሕዝቡ 7 በመቶውን ይይዝ ነበር፤ በ2021 ወደ 18 በመቶ ወጥቷል። በሐምሌ 2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉ ወጣቶች 52 በመቶ ከወላጅ ጋር ነበሩ። ምክንያቱ የቤት ዋጋ፣ የትምህርት ዕዳ፣ የጋብቻ መዘግየት ነው። ወንዱ በ1960 በአማካይ በ23 ዓመቱ ገደማ ያገባ ነበር፤ አሁን 30 ያልፈዋል። ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦችም ልማዳቸውን ይዘው ገብተዋል። ቁጥር 20 በምሳሌ ደገፈው። አብሮት የሚሠራ የ34 ዓመት ፈረንጅ ወደ እናቱ ምድር ቤት እንደተመለሰ ምሳ ላይ ያለ ምንም እፍረት ሲናገር ሰማ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትም ብልህ ነህ ዓይነት ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ከ20 ዓመት በፊት ሲመጣ እንዲህ ያለ ሰው እንደ ሰነፍ ይታይ ነበር። ለእኔ ከቁጥሮቹ ይልቅ ያ ራስ መነቅነቅ ብዙ ነገር ነገረኝ።

ቁጥር 21 ከስቶክሆልም ገብቶ ብቻውን የሚኖር ሰው በመብዛት ስዊድን ከአሜሪካ እንደምትብስ ነገረን። አውሮፓ ትሻላለች አሜሪካ የሚል ትንሽ ፉክክር ተነሣ፣ ወዲያውም በረደ።

ቁጥር 22 እና 23 ግን ተፋጩ። ቁጥር 22 በ2023 የአገሩ ዋና የጤና መኮንን የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ስለ ብቸኝነት ያወጡትን ማስጠንቀቂያ አነሣ፤ ከሰው መገለል የሚያመጣው ጉዳት በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር ተነጻጽሯል። ሰው የሚገናኝባቸው ቦታዎች እንደሳሱ ለማሳየትም የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋሉፕ የሚያወጣውን ጠቀሰ፦ የቤተ እምነት አባል የሆነው አሜሪካዊ በ1999 70 በመቶ ነበር፣ በ2020 47 በመቶ ሆኗል። ቁጥር 23 ይህን ሰምታ ብቻ መኖርንና ብቸኝነትን አንድ አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት እንደሆነ ጻፈች። ባሏን ፈታ ለብቻዋ ከወጣች ወዲህ ነው ሌሊት የምትተኛው። ብቸኛ የነበረችው ያን ጊዜ፣ ሰው ባለበት ቤት ነው። ቁጥር 22 ትዳርን አፍራሽ አድርጎ ሣላት፤ እሷም አልማረችውም። ሁለቱም ተጎድተው ወጡ።

እኔ ከቁጥር 23 ጋር ነኝ፣ ግን በግማሽ። የእኔዎቹ እናት ጠዋታቸውን ይወዱታል። ቡናቸውን ይዘው የመስቀለኛ ቃል ጨዋታቸውን በእርሳስ ይሞላሉ፣ ከመስኮቱ ውጭ ወደሰቀሉት የወፎች መመገቢያ የሚመጡትን ሁለት ቀይ ወፎች ይጠብቃሉ፤ ያን ሰዓት ማውራት አይወዱም፣ እኔም ዝም እላለሁ። ማታው ነው የሚከብዳቸው። ሲመሽ ድምፃቸው ይለወጣል። ብቻቸውን መሆናቸው ጠዋት ሀብት፣ ማታ ሸክም የሚሆንባቸው አንድ ሰው ናቸው።

ቁጥር 24 ወደ ሥራው ገባ። በፊላደልፊያ በ1954 የተጀመረውን፣ ለአዛውንት ቤት ድረስ ምግብ የማድረስ አገልግሎት አስታወሰን፤ ምግቡን የሚያደርሰው ሰው ደኅና መሆናቸውንም አይቶ ይሄዳል። ቦስተን፣ ቢከን ሂል ላይ ደግሞ ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቁመው በየቤታቸው ሆነው መጦር ችለዋል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ አምፖል ይቀይራል። ከዚያ በየከተማው ስላለው እድራችን ጠየቀ። ሰው ሲሞት በአንድ ሌሊት ገንዘብ ይሰበሰባል፣ አስከሬን አገር ቤት ይደርሳል፣ ለቅሶ ቤቱ ለሳምንት ሰው አያጣም። ማክሰኞ ቀን በሕይወት ላሉት እናት ግን አንድ ሰው አይመደብም። በ27ቱ ምላሽ ውስጥ እንደዚህ የወጋኝ የለም። እኔ ራሴ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ።

ቁጥር 25 በእነሱ ከተማ ጥቂት እናቶች ሐሙስ ሐሙስ በተራ ቡና እንደሚጠራሩ፣ የሥራ ተራቸው ማታ የሆነ ወጣቶች እንደሚያመላልሷቸው ጻፈ። ቁጥር 26 መኪና ውስጥ ሰው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ እስካሁን የሚያውቅ አልመለሰለትም።

በመሀሉ እኔ ጥያቄዬን ለምንከባከባቸው እናት ለራሳቸው አቀረብኩ። ከልጆቻቸው ጋር ለምን እንደማይኖሩ በቀጥታ ጠየቅኋቸው። ሦስቱም በየጊዜው እንደለመኗቸው፣ ሁለት ጊዜ እምቢ እንዳሉ፣ ባላቸው የተከሉት ዛፍ ያለበትን ግቢ ትተው እንደማይወጡ ነገሩኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ እራት ብቻውን የሚበላ ሰው ጣዕሙን እንደማያውቀው ተናገሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልበላ አልወጣም። ሰዓቱ አይከፈልበትም፤ ለልጃቸው ነግሬያታለሁ።

ቁጥር 27 የአትላንታዋ ልጅ ናት፤ ተመልሳ መጣች። በቁጥር 13 እንዳልተቀየመች፣ ለእናቷ አንብባላት እናቷም እንዳለቀሰች ጻፈች። የቁጥር 25ን ሐሳብ ይዛ በዚያ አካባቢ ሐሙስ ቤት የሚውል ሰው እንዳለ ጠየቀች። በውስጥ መስመር አራት ሰው ጻፈላት፣ አንዷ በመኪና 12 ደቂቃ ላይ ናት። አያቷ ነገሩ ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያቺ ሴትዮ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት ወገን እንደመጣች ሆነ። ሁለተኛው፣ የራሳቸውን ረከቦት ይዘው መሄድ ይችሉ እንደሆነ።